ጂኑ የማን ነው? የሜሪ-ክሌር ኪንግ ረጅም መንገድ

ጁን 13 ቀን 2013 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በአንድ ድምፅ አንድ ነገር ወሰኑ። ከሰው ሰውነት ተነጥሎ የወጣ ዲኤንኤ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ማንም «የእኔ ፈጠራ ነው» ብሎ ፓተንት ሊያወጣበት አይችልም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ክርክሩ የተነሣው በሁለት ጂኖች ላይ ነበር፤ ብራካ-1 እና ብራካ-2። ሲበላሹ ሴትን ለጡትና ለኦቫሪ ካንሰር ክፉኛ ያጋልጣሉ። ተከሳሹ ሚሪያድ ጄኔቲክስ የሚባል የዩታ ኩባንያ ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በአሜሪካ ምድር እነዚህን ጂኖች መርምሮ ለታካሚ ውጤት መስጠት በተግባር የዚህ ኩባንያ ብቻ ሥራ ሆኖ ቆይቶ ነበር።

በመዝገቡ ላይ በከሳሽነትም በተከሳሽነትም ያልቀረበች አንዲት ሴት አለች። እንዲህ ያለ ጂን መኖሩን አብዛኛው የሙያ ባልደረባዋ ሳያምንላት አሥራ ስድስት ዓመት የፈለገችው፣ በመጨረሻም «እዚህ ጋ ነው» ብላ ያሳየችው፣ ስሙንም ያወጣችለት እሷ ናት። ጂኑን ነቅሶ ያወጣው ግን ሌላ ነው፤ ገንዘቡም የሄደው ወደ ሌላ ነው። ሜሪ-ክሌር ኪንግ ትባላለች። ታሪኳ የካንሰር ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሐኪሞች መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን መንገዷ በሳንቲያጎ መፈንቅለ መንግሥት፣ በቦነስ አይረስ የተሰረቁ ሕፃናትና በዋሽንግተን ፍርድ ቤት በኩል ያልፋል፤ በጎን ደግሞ አዲስ አበባንም ይነካል።

ኪንግ በ1946 በቺካጎ አካባቢ ተወለደች። ከልጅነቷ እንቆቅልሽና ሂሳብ ትወድ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት የልብ ጓደኛዋ በኩላሊት ካንሰር ሞተችባት። ያ ሐዘን ወደ ካንሰር ምርምር ቀጥታ መራት ማለት ግን አይቻልም፤ መንገዷ ጠማማ ነበር። መጀመሪያ በሚኒሶታ ካርልተን ኮሌጅ ሂሳብ ተማረች። ከዚያ ስታቲስቲክስ ልታጠና ካሊፎርኒያ በርክሊ ገባች። እዚያ የአዛውንቱን የከርት ስተርንን የጄኔቲክስ ትምህርት ስትከታተል «እንቆቅልሽ እየፈታሁ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሥራ አለ ለካ» ያሰኛት ነገር አገኘች።

ጊዜው ግን ተረጋግቶ ለመማር የሚመች አልነበረም። በርክሊ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ትናወጥ ነበር፤ ግቢው ወታደር ገብቶበታል። የኪንግ የቤተ ሙከራ ሥራም አልሳካ ብሏታል። ትምህርቱን ትታ ከታዋቂው የሸማቾች መብት ተሟጋች ከራልፍ ናደር ጋር፣ ፀረ ተባይ መድኃኒት በእርሻ ሠራተኞች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ማጥናት ጀመረች። እስከ መጨረሻው ልትቀር ምንም አልቀራትም። የመለሳት የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪው አለን ዊልሰን ነው። ሙከራው ያልተሳካለት ሁሉ ጥሎ ቢሄድ ሳይንስ የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር ብሎ አግባባት፤ ከቤተ ሙከራ ይልቅ ሂሳብ የሚበዛበት ሥራም ሰጣት።

ሥራው የሰውንና የቺምፓንዚን ፕሮቲኖች ማወዳደር ነበር። ኪንግ ልዩነት ስትፈልግ ልዩነት አጣች። አንዱን ፕሮቲን ብታይ ያው፣ ሌላውን ብታይ ያው ነው። አሁንም ከሸፈብኝ ብላ አዘነች። ዊልሰን ግን ውጤቱ ራሱ ልዩነት መጥፋቱ እንደሆነ ቀድሞ ገባው። በ1975 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ የሰውና የቺምፓንዚ ፕሮቲኖች ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጅ በላይ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አሳዩ። ዛሬ በየመጠጥ ቤቱ ክርክር የምትነሣው «99 በመቶ» ምንጯ ይህች የአንዲት ተስፋ የቆረጠች ተማሪ መመረቂያ ናት።

በ1973 ትምህርቷን ጨርሳ ቺሊ ለማስተማር ሄደች። ሴፕቴምበር 11 ቀን ጄኔራል ፒኖቼ የአየንዴን መንግሥት ገለበጠ። የዩኒቨርሲቲ ሰው ይታሰር፣ ይሰወር ጀመር። ኪንግ ከወራት በኋላ ወደ አሜሪካ ተመለሰች። ያ ዓመት ከውስጧ እንዳልወጣ የሚታወቀው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው፤ እዚያ ላይ እንመለስበታለን።

ከቺሊ መልስ፣ በ1974፣ የጡት ካንሰርን ያዘች። ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል። የጡት ካንሰር በአንዳንድ ቤተሰብ ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ የሚመስለው ለምንድን ነው? ነገሩን ማስተዋል አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1866 የሚስቱን ዘመዶች ትውልድ ቆጥሮ፣ ሴቶቹ በጡት ካንሰር ሲያልቁ መዝግቧል። ግን በ1970ዎቹ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ሌላ ነበር። አሜሪካ በ1971 በካንሰር ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ የብዙዎቹ ተስፋ ካንሰር አምጪ ቫይረስ ማግኘት ነበር። ቤተሰብ አንድ ዓይነት ምግብ ይበላል፣ አንድ ዓይነት አየር ይተነፍሳል፣ ስለዚህም አንድ ዓይነት በሽታ ይታመማል የሚሉም ነበሩ። አንድ ጂን ብቻውን እንዲህ የተወሳሰበና የተስፋፋ በሽታ ያመጣል ማለት እንደ የዋህነት ይታይ ነበር። እውነት ለመናገር ተጠራጣሪዎቹ ሞኞች አልነበሩም። የጡት ካንሰር ብዙ ሴት የሚይዝ በሽታ ስለሆነ፣ በአንድ ትልቅ ቤተሰብ ሁለትና ሦስት ሴት በአጋጣሚ ብቻ ሊታመም ይችላል።

ኪንግ ከማይክሮስኮፕ ይልቅ የጀመረችው ከቆጠራ ነው። ገና በለጋ ዕድሜያቸው የታመሙ የ1,579 ሴቶችን ቤተሰቦች መዝገብ ይዛ፣ የትኛው ማብራሪያ ከቁጥሩ ጋር እንደሚገጥም ከባልደረቦቿ ጋር በሂሳብ ፈተነችው። አካባቢ ብቻ? አጋጣሚ ብቻ? ወይስ የሚወረስ ጂን? በ1988 የታተመው መልስ፣ ከእነዚህ ቤተሰቦች ወደ አራት በመቶ በሚሆኑት ውስጥ አንድ ኃይለኛ ጂን እየተወረሰ ነው የሚል ነበር። አራት በመቶ ትንሽ ይመስላል። ላለባት ሴት ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

የዚህ ሥራ ገንዘብ እንዴት እንደተገኘ ኪንግ ራሷ በአደባባይ የተረከችው ታሪክ አለ፤ ማለፍ ያስቸግራል። ዓመቱ 1981 ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ባሏ ጥሏት ሄደ፣ ቤቷ ተዘረፈ፣ በመሃል ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ቋሚ መምህርነቷ ጸደቀላት። በዚያው ሳምንት ለምርምሯ ድጋፍ ለመጠየቅ ዋሽንግተን መቅረብ አለባት። ልጇን እንድትጠብቅላት የመጣችው እናቷ የፍቺውን ወሬ ስትሰማ ተናዳ «ወደ ቤቴ እመለሳለሁ» አለች። ኪንግ ትንሿን ልጅ ይዛ ሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ ገባች። ሰልፉ ረጅም ነው፤ የእናቷ በረራ ሊያመልጥ ነው፤ ልጅቷን የሚይዝ ሰው የለም። ከኋላ የቆመ አንድ ሽማግሌ «ልጅቷን እኔ አያታለሁ፣ ሂጂ» አላት። እናቷ «ለማታውቂው ሰው ልጅ ትተያለሽ?» ብላ ጮኸች። ኪንግ ዞር ብላ ስታይ ሰውየው ጆ ዲማጆ ነው። ለአሜሪካውያን ይህ ስም ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ወዳጅ መንግሥቱ ወርቁ እንደማለት ነው፤ በዚያ ላይ የማሪሊን ሞንሮ የቀድሞ ባል። «ጆ ዲማጆ ካልታመነ ማን ይታመናል» ብላ ሮጠች። ዋሽንግተን ደርሳም ድጋፉን አገኘች። ብራካ-1ን ያስገኘው ምርምር ለዓመታት የቆመው በዚያ ገንዘብ ነው።

ካንሰሩ በዝግታ ሲሄድ ሌላ ጥሪ መጣ።

በአርጀንቲና ከ1976 እስከ 1983 የገዛው ወታደራዊ ጁንታ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፍኖ ወስዶ አጥፍቷል። ከታፈኑት ውስጥ ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። በእስር ቤት እንዲወልዱ ይደረጉና ይገደላሉ፤ ሕፃናቱ ለወታደሮች፣ ለፖሊሶችና ለወዳጆቻቸው ይታደላሉ። እንዲህ የተወሰዱት ልጆች ወደ አምስት መቶ እንደሚደርሱ የልጆቹ አያቶች ይገምታሉ። አያቶቹ በአምባገነኑ ዘመን ሳይቀር በፕላሳ ዴ ማዮ አደባባይ እየዞሩ ሲጠይቁ፣ በየመዋዕለ ሕፃናቱ በር ቆመው መልክ ሲያነጻጽሩ ኖረዋል። ጁንታው ሲወድቅ ጥያቄያቸው የፍርድ ቤት ጥያቄ ሆነ። ልጅቷ የኛ ናት ማለት ቀላል ነው፤ እናትና አባት በሌሉበት እንዴት ይረጋገጣል?

አያቶቹ ወደ ውጭ አገር ሳይንቲስቶች ጮኹ። በ1984 የአሜሪካ ሳይንስ ማኅበር አንድ ቡድን ወደ ቦነስ አይረስ ላከ፤ ኪንግ አንዷ ነበረች። ቺሊን ያየች ሴት ስለ ተሰወሩ ሰዎች ማስረዳት አያስፈልጋትም። ያቀረበችው መፍትሔ ግን የሂሳብ ሰው መፍትሔ ነው። በነጭ የደም ሴሎች ላይ የሚገኙ፣ ለአካል ንቅለ ተከላ የሚመረመሩ መለያዎች አሉ። ከሰው ሰው እጅግ ይለያያሉ። ልጅ ግማሹን ከአባቱ፣ ግማሹን ከእናቱ ይወርሳል፤ እነሱ ደግሞ ከአራቱ አያቶች ወስደዋል። ስለዚህ የአያቶቹን ደም መርምሮ፣ ይህች ልጅ የእነሱ የመሆኗን ዕድል ማስላት ይቻላል። ስሌቱ የአያትነት መለኪያ የሚል ስም ወጣለት። በ1984 መጨረሻ ላይ የስምንት ዓመት ልጅ የነበረች አንዲት ሕፃን 99.9 በመቶ የአያቶቿ መሆኗ ተረጋግጦ፣ ከአንድ ፖሊስ ቤት ወጥታ ወደ ወገኖቿ ተመለሰች።

ዘዴው ክፍተት ነበረው። አያቶች ይሞታሉ። ከአራቱ አንድ ብቻ ከቀረ ስሌቱ ይደክማል። ኪንግ ወደ ሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ዞረች፤ መምህሯ ዊልሰን የሰውን ልጅ ዘር ወደ አፍሪካ የተከታተለበት ያው ዲኤንኤ ነው። ከእናት ብቻ ስለሚወረስ አንዲት የእናት እናት፣ ወይም አንዲት አክስት በእናት በኩል ብትገኝ ይበቃል። አርጀንቲና በ1987 ብሔራዊ የጄኔቲክ መረጃ ባንክ በሕግ አቋቋመች፤ የአያቶቹ ደም ራሳቸው ካለፉም በኋላ እንዲመሰክር። እስካሁን ከ130 በላይ የልጅ ልጆች ተገኝተዋል። ዛሬ ጎልማሶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ማድረግ ያስፈልጋል። በዚያው የ1984 ቡድን ውስጥ ክላይድ ስኖው የሚባል የአፅም ሊቅ ነበር። እሱ ያሠለጠናቸው ወጣት አርጀንቲናውያን የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን መሠረቱ። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ የዚህ ቡድን አባላት አዲስ አበባ መጥተው ለልዩ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የቀይ ሽብር ሰለባዎችን አፅም ከጅምላ መቃብር በማውጣትና በመለየት ሠርተዋል። ልጃቸውን በቀይ ሽብር አጥተው አፅሙን ያገኙ ኢትዮጵያውያን እናቶች ካሉ፣ የዕውቀቱ አንድ ጫፍ የቦነስ አይረስ አያቶች አደባባይ ላይ ነው።

ወደ ካንሰሩ እንመለስ። በ1988 «ጂን አለ» ተባለ። የት ነው? የሰው ዲኤንኤ ሦስት ቢሊዮን ፊደል ነው፤ በዚያን ጊዜ ካርታ የለውም። ዘዴው አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ቁጥር የሌለውን ቤት እንደ መፈለግ ነበር። ቤቱን የሚያውቅ ባይኖርም ምልክት ይታወቃል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ። ተመራማሪዎቹ በክሮሞሶሞች ላይ የታወቁ ምልክቶችን ይይዙና በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የታመሙት ሴቶች ሁሉ የሚጋሩት፣ ጤነኞቹ የማይጋሩት ምልክት የትኛው እንደሆነ ይፈልጋሉ። ከተገኘ ጂኑ እዚያ ሠፈር ነው። ምልክት ተሞከረ፣ አልሆነም። ሌላ ተሞከረ፣ አልሆነም። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

ከዚያ በክሮሞሶም 17 ላይ አንድ ምልክት ግራ የሚያጋባ ነገር አሳየ። በአንዳንዱ ቤተሰብ ፍጹም ይገጥማል፤ በሌላው ፈጽሞ አይገጥምም። ሁሉን ደምረህ ብታየው ከንቱ ነው። የኪንግ ቡድን ቤተሰቦቹን ሴቶቹ በታመሙበት ዕድሜ ቅደም ተከተል ደረደራቸው። ያኔ ሁሉም ነገር ጠራ። በወጣትነታቸው የታመሙባቸው ቤተሰቦች ላይ ምልክቱ ይሠራል፤ በእርጅና የታመሙባቸው ላይ አይሠራም። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ካንሰር በራሱ ጊዜ ስለሚመጣ የተወረሰውንና ያልተወረሰውን ያደባልቃል። በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ የዘር ነው። በወጣቶቹ ቤተሰቦች ላይ የተገኘው ስሌት ነገሩ በአጋጣሚ ከመሆን ይልቅ እውነት የመሆኑን ዕድል አንድ ሚሊዮን ለአንድ ገደማ አደረገው።

ኦክቶበር 1990 ሲንሲናቲ በተደረገ የጄኔቲክስ ጉባኤ፣ በምሽት ስብሰባ ላይ፣ ኪንግ ይህንን አቀረበች። በዲሴምበር በ«ሳይንስ» ታተመ፤ 23 ቤተሰቦች፣ 146 ታማሚዎች፣ አንድ ቦታ። ብዙም ሳይቆይ በሊዮን የሚሠራው የዢልበር ለኗር ቡድን በራሱ ቤተሰቦች ላይ ያንኑ አገኘ፤ በእነዚያ ቤተሰቦች ደግሞ የኦቫሪ ካንሰርም እዚያው ሠፈር እንደሚጠቁም ታየ። ጂኑ ብራካ-1 ተባለ። የጡት ካንሰር የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ያሳጥራል፤ ኪንግ በሆዷ በርክሊ፣ ካሊፎርኒያንም አስባ እንደነበር ትናገራለች።

ሠፈሩ ሲታወቅ ውድድሩ ተጀመረ። በርካታ አገሮች፣ በርካታ ቤተ ሙከራዎች፣ አራት ዓመት። ኪንግ በኋላ የሰውን ሙሉ ጂኖም ፕሮጀክት ከመራው ከፍራንሲስ ኮሊንስ ጋር ተጣመረች። በዩታ ደግሞ ማርክ ስኮልኒክ ነበር። ስኮልኒክ ማንም የሌለው ሀብት ነበረው፤ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የጻፈችውን የትውልድ መዝገብ ከካንሰር መዝገብ ጋር ያጋባ ትልቅ የመረጃ ቋት። በ1991 የተመሠረተው ሚሪያድም የእሱ ኩባንያ ነው። በ1994 መጸው የስኮልኒክ ቡድን፣ የመንግሥት ተመራማሪዎችም የተካፈሉበት፣ ብራካ-1ን ነቅሶ አወጣ። ኪንግ ተሸነፈች።

ሽንፈቱን እንደ ታላቅ ሰቆቃ የሚተርኩት አሉ። እሷ ግን ማንም ያግኘው ማን መገኘቱ ይበልጣል ነው የምትለው። ማመን ይከብድ ይሆናል፤ ነገር ግን በማግስቱ ወደ ሥራ ተመልሳ በራሷ ቤተሰቦች ውስጥ የተበላሸውን ፊደል መፈለግ መጀመሯ የአንደበት ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል። ጂኑ ለካ የተሰበረ ዲኤንኤን የሚጠግን ሠራተኛ ነው። ሲበላሽ ስብራቱ ይጠራቀማል፣ ሴሉም ከሥርዓት ይወጣል። ይህን ማወቅ ከጊዜ በኋላ መድኃኒት ወለደ። አንዱ የጥገና በር የተዘጋበትን የካንሰር ሴል ሁለተኛውን በር ዘግቶ የሚገድለው ኦላፓሪብ በ2014 በአሜሪካ ተፈቀደ።

ብራካ-2 በ1995 በእንግሊዝ ተገኘ። የእንግሊዙ ቡድን መሪ ማይክል ስትራተን ቀደም ሲል ከስኮልኒክ ጋር ይሠራ ነበር፤ ግኝቱ የኩባንያ ንብረት እንደሚሆን ሲረዳ ነው የተለየው። እንዲያም ሆኖ የእንግሊዞቹ ጽሑፍ ገና ሳይታተም ሚሪያድ በብራካ-2ም ላይ የፓተንት ማመልከቻ አስገባ።

ከዚህ በኋላ ያለው የገበያ ታሪክ ነው። ሚሪያድ ፓተንቱን ይዞ፣ ምርመራውን የሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች እንዲያቆሙ ደብዳቤ ጻፈ። የምርመራው ዋጋ ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ ወጣ። ለኩባንያው የሚቆሙ ሰዎች ያለ ፓተንት ማንም ገንዘቡን አያወጣም ነበር ይላሉ፤ ይህ ክርክር በባዶ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን የዋጋው ነገር ብቻ አልነበረም ችግሩ። በ2006 ኪንግና ባልደረቦቿ አራትና ከዚያ በላይ ታማሚ ያለባቸውን፣ በኩባንያው ምርመራ «ምንም የለም» የተባሉ 300 ቤተሰቦች እንደገና መረመሩ። በ12 በመቶዎቹ ውስጥ እነዚያው ሁለት ጂኖች በትልቁ ተቆርጠው ወይም ተደራርበው ተገኙ። የኩባንያው ዘዴ ትንሽ የፊደል ስህተት እንጂ የገጽ መቀደድ አያይም ነበር። «ነፃ ነሽ» ተብላ የሄደች ሴት ሌላ ቦታ ሄዳ ታረጋግጥ ዘንድ አትችልም፤ ሌላ ቦታ የለምና። ባለቤት አንድ ሲሆን ስህተቱም አራሚ የለውም።

በ2009 የሲቪል መብቶች ኅብረቱ ሐኪሞችን፣ ተመራማሪዎችንና ታካሚዎችን ወክሎ ከሰሰ። ውሳኔው ሊሰጥ አንድ ወር ሲቀረው፣ በሜይ 2013፣ አንጀሊና ጆሊ የተበላሸ ብራካ-1 እንዳለባትና ሁለት ጡቶቿን አስቀድማ እንዳስወጣች በኒው ዮርክ ታይምስ ጻፈች። ዓለም ሁሉ የጂኑን ስም ባንድ ሌሊት አወቀ። ከዚያ ጁን 13 መጣ። በዚያው ዕለት ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ምርመራውን በረከሰ ዋጋ እንደሚሰጡ አስታወቁ። በ1995 ወደ ሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተዛወረችው ኪንግም በቀደመው ሐኪም በብሮካ ስም የሰየመችው፣ ብዙ የካንሰር ጂኖችን ባንዴ የሚያይ ምርመራ ተዘጋጅቶ ነበር።

ድሉ ግን ሙሉ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ በቤተ ሙከራ የሚሠራውን የጂን ቅጂ ፓተንት ማድረግ ይቻላል ብሏል። ከዚያም በላይ ማንም ያልፈረደበት ነገር አለ። ሚሪያድ ከ2004 ጀምሮ ያገኛቸውን የጂን ለውጦች ለሕዝብ የመረጃ ቋት መስጠት አቁሞ ነበር። ፓተንቱ ሲሻር ያ የዓመታት መዝገብ በእጁ ቀረ። የጂን ምርመራ ግማሹ ለውጡን ማየት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ያ ለውጥ ይጎዳል አይጎዳም የሚለውን ማወቅ ነው። ሁለተኛው የሚገኘው ከብዙ ሺህ ሴቶች መዝገብ ብቻ ነው።

በ2014 የላስከር ሽልማትን ስትቀበል ኪንግ አወዛጋቢ ነገር ተናገረች። እያንዳንዷ ሴት ወደ ሠላሳ ዓመቷ ስትደርስ፣ የቤተሰብ ታሪክ ኖራት አልኖራት፣ ለእነዚህ ጂኖች ትመርመር። ብዙ ሐኪሞች አልተቀበሉትም፤ የአሜሪካ መንግሥት አማካሪዎችም በ2019 ባወጡት ምክር የራሷ ወይም የቤተሰብ የካንሰር ታሪክ፣ አለዚያም ከእነዚህ ጂኖች ጋር የተያያዘ የዘር ሐረግ ያላት ትመርመር እንጂ ሁሉም አላሉም። ፍርሃታቸው ተገቢ ነው፤ ትርጉሙ ያልታወቀ ውጤት ይዛ የምትሸበር፣ ሳያስፈልጋት ቢላዋ ሥር የምትገባ ሴት ትኖራለች። የኪንግ መልስ በ2003 ኒው ዮርክ ውስጥ ባጠናቻቸው 1,008 የጡት ካንሰር የያዛቸው አሽኬናዚ አይሁዳውያን ሴቶች ላይ የቆመ ነው። ከአሥሩ አንዷ ጂኑ ተበላሽቶባታል። ከእነዚያ ግማሽ ያህሉ ግን በቤተሰባቸው ይህ ነው የሚባል የካንሰር ታሪክ አልነበራቸውም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጂኑ በአባት በኩልም ይመጣል፤ አባት ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይታመምም። እህት የሌለው አባት ጂኑን ይዞ ለልጁ ሲያወርስ ማንም አያይም። ታሪክ ያላትን ብቻ መርምሩ ማለት ግማሾቹን እስኪታመሙ ጠብቁ ማለት ነው።

እነዚህ ሁሉ ቁጥሮች በአብዛኛው ከአውሮፓ ዘር ከሆኑ ሴቶች የመጡ ናቸው። አፍሪካዊት ሴት ስትመረመር «ለውጥ አለ፣ ትርጉሙ አልታወቀም» የሚል ወረቀት የመቀበል ዕድሏ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። በ2018 በቺካጎ የምትሠራው ናይጄሪያዊት ሐኪም ኦሉፉንሚላዮ ኦሎፓዴ ከኪንግ ጋር ሆና፣ የጡት ካንሰር የያዛቸውን 1,136 ናይጄሪያውያን ሴቶች ጂን የመረመረ ጥናት አወጡ። 14.7 በመቶዎቹ፣ ማለትም ከሰባቱ አንዷ ገደማ፣ የተወረሰ ጎጂ ለውጥ ነበራቸው፤ አብዛኛው በእነዚያው ሁለት ጂኖች ላይ።

በኢትዮጵያም የጡት ካንሰር ከሴቶች ካንሰር አንደኛው ነው። ለአሥርት ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ብዙዎቹ ሴቶች የሚደርሱት በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው፤ ብዙዎቹም ገና ወጣቶች ናቸው። ኪንግ ቤተሰቦችን በዕድሜ በደረደረች ጊዜ ከፊት የተሰለፉት እንደነዚህ ያሉት ነበሩ። ወረፋው ደርሷት ሐኪም ፊት የተቀመጠችው ሴት «ከዘመድ በዚህ በሽታ የታመመ አለ?» ስትባል እናቷንና እህቶቿን ታስባለች፤ የለም ትላለች። አባቷ ጤነኛ ገበሬ ነበር። የአባቷ እህቶች በምን እንደሞቱ የጠየቃት የለም፤ በልጅነቷም «በእባጭ ነው» ከመባል በቀር የነገራት አልነበረም።